ማዳም ፓራፕሊ

ጋሽ ዘውዴ ማረፋቸውን በስልክ የነገረችኝ የሆስፒታሉ ነርስ ናት። ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር ያለው ቤቴ ቁጭ ብዬ የካልሲዬን ጓደኛ እየፈለግኩ ነበር። በሰባ ዓመቴ ከካልሲዎቼ በቀር የሚጠይቀኝ የለም ብዬ ተደላድዬ ሳለሁ፣ "ቅጹ ላይ የቅርብ ሰው ተብለው የተመዘገቡት እርስዎ ነዎት" አለችኝ።

እኔ! ጎረቤቶቼ ለእረፍት ሲሄዱ አበባቸውን ውኃ እንዳጠጣላቸው እንኳ አያምኑኝም። ቁልፌን ውስጥ ትቼ በር የምዘጋ ሰው ነኝ። ጋሽ ዘውዴ ግን፣ ልጅ እያለቻቸው፣ ለመጨረሻዋ ሰዓት የኔን ስም አስጻፉ። ከዚያ በፊትም አንዲት ነገር አምነው ሰጥተውኝ ነበር። አበላሸኋት። ማበላሸቴን ሳያውቁ ሞቱ።

በአምስት ዓመት ነው የሚበልጡኝ፤ መምህር ስለነበሩ ግን ሃምሳ ዓመት የሚበልጡኝ ይመስለኝ ነበር። አዲስ አበባ አማርኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው፣ ጄኔቭ መጥተው የትምህርት ቤት ሳህን ሲያጥቡ ጡረታ ወጡ። ቀይ እስክሪብቶው ግን ከደረት ኪሳቸው ተለይቶ አያውቅም። የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ያርማሉ። የቤተ ክርስቲያን የጥሪ ወረቀት ያርማሉ። አንድ ጊዜማ የሐዘን ማስታወቂያ አርመው ለሟች ቤተሰብ መልሰዋል። ሲወቀሱ፣ "ሟቹ በሕይወት ሳሉ ለፊደል ይጠነቀቁ ነበር" አሉ።

የሚኖሩት ከጄኔቭ ዳር፣ ቬርኒየ፣ ሊኞን በሚባለው መጨረሻው በማይታይ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሚስታቸው የሞቱት ልጃቸው ብሌን አሥራ አራት ዓመቷ ላይ ነው። ሰውየው እናት መሆን አያውቁበት፤ የሚያውቁት ማረም ነው። አረሟት። አለባበሷን፣ አነጋገሯን፣ አሳሳቋን ሳይቀር።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከአልጋዋ ሥር ሰባት መጻሕፍት አገኙ። ማንጋ የሚባለው የጃፓን የሥዕል ታሪክ ነው። ሁለት ወንዶች በቢላና በሽጉጥ ይፋለማሉ፤ እነዚያው ሁለት ወንዶች ይዋደዳሉ። ያዎይ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ወንድ ወንድን የሚወድበት፣ አንባቢው ግን አብዛኛው ሴት የሆነ። ጋሽ ዘውዴ ያኔ ስሙን አልጠየቁም። ሰባቱንም ቀደው ሕንፃው ሥር ያለው የወረቀት መጣያ ውስጥ ጨመሩት። ብሌን ከሥራ ስትመለስ ነገሯት። አልጮኸችም። ሻንጣዋን ይዛ ዙሪክ ገባች። ስልክ የለ፣ ደብዳቤ የለ፤ ዘጠኝ ዓመት።

በዘጠነኛው ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ጋሽ ዘውዴ ቤቴ መጡ። በጋዜጣ የተለበጠ ነገር ብብታቸው ሥር ይዘዋል፤ ድሮ ደብተራችንን እንደምንለብጠው አድርገው።

"ሽብሩ፣ ኮምፒውተር ትችላለህ አይደል?"

"በሥራ ሰዓት ካርታ እየተጫወትኩ ተምሬያለሁ" አልኳቸው። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ትልቅ ድርጅት በር ላይ ቆሜ የሰው ባጅ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። የዓለምን ታላላቆች ሁሉ አውቃለሁ፤ እነሱ አያውቁኝም።

"ይበቃል" አሉና መጽሐፉን ሰጡኝ።

እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ከግራ በኩል ገለጥኩት። እጄን በቀይ እስክሪብቶው መቱኝ።

"ከቀኝ! የነሱ የሚጀምረው ከቀኝ ነው።"

"ምንድን ነው ይሄ፣ ጋሽ ዘውዴ? ሁለት ጎረምሶች ተቃቅፈው አያለሁ።"

"የቀደድኩት ነገር ነው" አሉ። "ምን እንደቀደድኩ ማወቅ አለብኝ።"

ከቤተ መጻሕፍት ተውሰውት ነው። ሲያነቡ በአጉሊ መነጽር፣ በመዳፋቸው ገጹን ደግፈው፣ የፈተና ወረቀት እንደሚያርሙ ነበር። የሰዎቹ የጃፓን ስም አልያዝላቸው ስላለ አንደኛውን "ረጅሙ"፣ ሁለተኛውን "ጠባሳው" አሏቸው። ረጅሙ የአንድ የወንበዴ አለቃ ጠባቂ ነው። ጠባሳው አለቃውን ሊገድል የተላከ። ቀሪውን መገመት አያቅትም፤ እኔ ግን አቅቶኝ ሁለት ጊዜ አስረድተውኛል።

ኮምፒውተር ያስፈለጋቸው አንባቢዎች ስለዚህ ታሪክ ምን ይላሉ የሚለውን ለማየት ነበር። ፈልጌ አንድ የፈረንሳይኛ ገጽ አገኘሁ። ታሪኩ በቅጽ በቅጽ የሚወጣ ነው፤ በየቅጹ ሥር አንባቢ አስተያየቱን ይጽፋል፣ ሌላው ይመልስለታል፣ ይሰዳደባሉ። ወደ ታች ስወርድ አንዲት ጸሐፊ በላቲን ፊደል "እንኮይ" ብላ ፈርማለች።

ጋሽ ዘውዴ ወንበሩን ጨበጡ።

"እናቷ ነበረች እንኮይ የምትላት። ከኛ ቤት ሰው በቀር ማንም አያውቀውም።"

የጻፈችውን ሁሉ አነበብኩላቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጽፋለች። ብልህ ናት፣ ኃይለኛ ናት፣ ታስቃለች። ሰውየው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲጨርሱ፣ "እኔም እጽፋለሁ" አሉ። "ግን ስማኝ ሽብሩ። የኔ የሆነ አንዲት ቃል እንዳትገባ። እኔ መሆኔን ካወቀች ትሄዳለች። ከሄደች ሌላ በር የለኝም።"

"እሺ" አልኩ። እሺ ማለት ለኔ ሁልጊዜ ቀላል ነው።

የመጀመሪያውን አስተያየት በአማርኛ እየነገሩኝ በፈረንሳይኛ አስጻፉኝ። "ሥዕሉ ጥሩ ነው። ድርሰቱ ግን ዝናብ ያበዛል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሊታረቁ ሲሉ በዘነበ ቁጥር ቆጠርኩ፤ አራት ጊዜ። ሰው የሚታረቀው በዝናብ ብቻ ነው እንዴ? በፀሐይ መታረቅ ነው ከባዱ፤ ፊት ለፊት ይተያያላ!"

ገጹ ስም ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ መጻፍ አይሆንልኝም። "ማዳም ፓራፕሊ" ብዬ መታሁ። እመት ጃንጥላ ማለት ነው።

"ሴት አደረግከኝ?" ብለው ጮኹ።

"አንባቢዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ማንም አይጠረጥርዎትም።"

ትንሽ አሰቡ። "ይሁን። እንዲያውም ይሻላል" አሉ።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ዓርብ ከምሳ በኋላ ሥራችን ይኸው ሆነ። በየማእዘኑ ያሉ ልጃገረዶች ማዳም ፓራፕሊን ወደዷት። ጋሽ ዘውዴ በአራተኛው ቅጽ ያለውን የመታጠቢያ ቤት ፍልሚያ አድንቀው፣ ጠባሳው በቀኝ እጁ የያዘው ቢላ በሚቀጥለው ሥዕል ወደ ግራው መዞሩን ያጋለጡ ጊዜ፣ አንዷ "ማዳም፣ ያግቡኝ" ብላ ጻፈች። ጋሽ ዘውዴ አንድ ሳምንት ፈገግ አሉ።

በስድስተኛው ቅጽ ረጅሙ የጠባሳውን ቤት ያቃጥላል። ጠብ ተነሳ። ገሚሱ ተታሎ ነው ይቅር ይባል አለ። እንኮይ ግን፣ "ቤት ያቃጠለ ሰው ይቅርታ አይገባውም፤ አለማወቁ ቤቱን አይመልሰውም" አለች።

ይህን ሳነብላቸው ጋሽ ዘውዴ ተነስተው መስኮቱ ጋ ሄዱ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ "ጻፍ" አሉ። "ልክ ነሽ። ይቅር አይባል። ነገር ግን በሩ ላይ ይቁም፤ መቆሙን አትከልክሉት።"

በሁለተኛው ቀን እንኮይ መለሰች። "ማዳም ፓራፕሊ፣ እስከ መቼ ነው የሚቆመው?"

"ዝናቡ እስኪያባራ" አሉ ጋሽ ዘውዴ።

ምን ላውራችሁ፤ እኔ የዕድሜ ልክ ቀልደኛው ተነስቼ ኩሽና ገባሁ። ሻይ አፈላሁ፤ ስኳሩን ረሳሁት።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ተቀምጠን ምሳ ስንበላ፣ አንዱ የማኅበራችን ሰው ጋዜጣ የለበሰውን መጽሐፍ ከጋሽ ዘውዴ ወንበር ላይ አነሳ። ጸሎት መጽሐፍ መስሎት ነው። ገለጠው። እሱም እንደኔ ከግራ ስለገለጠው መጨረሻው ላይ ካለው መሳሳም ጀመረ።

"መምህር... ይሄ ምንድን ነው?"

ጋሽ ዘውዴ ጉርሻቸውን ውጠው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ "የልጄ መጽሐፍ ነው" አሉ። "ስምንተኛው ላይ ነኝ። ስጨርስ አውስሃለሁ።"

ከዚያ እሑድ ወዲያ አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ። እኔስ? እኔማ ወዳጃቸው ነኝ፤ ሁለት ወንበር ብቻ ራቅ ብዬ ነበር የምቀመጠው። እሳቸው አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ሁልጊዜ ስሕተት የሚያዩ ሰው ያቺን አለፏት።

አንድ ቀን ሊኞን ቤታቸው ሄጄ መነጽራቸውን ፈልግልኝ ሲሉኝ መሳቢያ ከፈትኩ። የብሌን የልጅነት ደብተር አለ። በየገጹ ግርጌ በቀይ "ዘጠኝ ከአሥር። በርቺ።" ገልጬ ገልጬ አሥር ከአሥር የተጻፈበት አላገኘሁም። ዘጠኝ፣ አልፎ አልፎ ዘጠኝ ተኩል፤ ሁሉም በርቺ። በርቺ! እንዲህ ያለ የአባት ቃል ከየት ይገኛል ብዬ አሰብኩ። እኔ ልጅ አላሳደግኩም፤ ምን አውቃለሁ?

በአሥራ አንደኛው ቅጽ ላይ እንኮይ ከጻፈችው ሁሉ የበለጠ ጻፈች። ጠባሳው የተቃጠለው ቤቱ በር ላይ ረጅሙን ቆሞ ያገኘዋል፤ አያስገባውም፣ አያባርረውምም። "ይህን ሳነብ ከትራም መውረጃዬን አሳለፍኩ" አለች። ጋሽ ዘውዴ መልሱን አስጻፉኝ። ሦስት መስመር ነው። ጨርሰው ኩሽና ገቡ።

እኔ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሁለት ዓመት ሆነን። ሰውየው ልባቸው ደክሟል፤ ሐኪም ቤት መመላለስ ጀምረዋል። እስከ መቼ ነው በሁለት ጎረምሳ በኩል የሚነጋገሩት? ትንሽ ገፋ ማድረግ ነው እንጂ! ከሦስቱ መስመር ሥር በላቲን ፊደል አንዲት ቃል ጨመርኩ። በርቺ። ላክሁት። ተንኮሌ ራሴን አሳቀኝ። ልክ ጋብቻ እንዳስፈጸመ ሽማግሌ ደረቴን ነፋሁ።

ዓርብ ገጹን ስንከፍት እንኮይ የለችም። የአምስት ዓመት ጽሑፏ በሙሉ ተነስቷል። የማዳም ፓራፕሊ መልሶች ለማን እንደተመለሱ ሳይታወቅ ለብቻቸው ተንጠልጥለዋል። የኔን ቃል እሳቸው ወንበሩን ስበው እስኪቀመጡ አጠፋኋት። ለዚህ ለዚህ ፈጣን ነኝ።

"የት ሄደች?" አሉ።

"ትመጣለች።"

ማክሰኞ መጡ። ዓርብ መጡ። "ምን አልኳት? ያለፈውን እስቲ ድገምልኝ" አሉ። ሦስቱን መስመር ደገምኩላቸው። ስሕተታቸውን ፍለጋ ቃል በቃል መረመሩት። "መውረጃሽን ካሳለፍሽ መመለስ ትችያለሽ ማለቴ ይሆን የከፋት? ተጫንኳት?" አሉ። ያንን ፊት ማየት አልቻልኩም። እውነቱን መናገር አንድ መንገድ ነበር። እኔ ሌላውን ያዝኩ።

አሥራ ሁለተኛውንና አሥራ ሦስተኛውን አንብበው ሲጨርሱ፣ "ታሪኩ እኮ እዚህ ላይ አልቋል ጋሽ ዘውዴ" አልኳቸው። "ቤተ መጻሕፍቱም የያዘው ይህን ብቻ ነው። ሲያልቅ አንባቢዎቹ ይበተናሉ፤ እንዲህ ነው የዚህ ገጽ ነገር። እሷም ለዚያ ነው።"

አሥራ አራተኛው እንደሚቀጥል አውቅ ነበር። ገጹ ላይ ተጽፏል። እሳቸው ግን እኔን አምነው ገጹን አያዩም።

አሥራ ሦስተኛው የሚያበቃው ወደብ ላይ ነው። ጠባሳው መርከብ ተሳፍሮ ይሄዳል፤ ረጅሙ ዝናብ ውስጥ ይቀራል። የመጨረሻውን አስተያየት የሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው አስጻፉኝ። ኮምፒውተር ስላልያዝኩ በወረቀት ጻፍኩት። "መጨረሻውን ተቀብያለሁ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው መሄድ መብቱ ነው። ደራሲው አላታለለንም። ዝናቡን ግን አሁንም እቃወማለሁ።"

"ላከው" አሉ።

"ማን ያነበዋል?" ልላቸው ነበር። "እሺ" አልኩ።

ከቀብራቸው በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ያልላክሁትን ወረቀትና ደብተሩን ይዤ በባቡር ዙሪክ ሄድኩ። ብሌን በማኅበሩ ማስታወቂያ ሰምታ ቀብሩ ላይ መጥታ ከኋላ ቆማ ነበር፤ አድራሻዋን የጠየቅኳት ያኔ ነው። ኦርሊኮን የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ። በሩን ስትከፍት የአባቷን ቅንድብ አየሁ። መደርደሪያዋ ላይ ያ ታሪክ ከአንድ ጀምሮ ተደርድሯል። የተቀደዱትን ሰባቱን እንደገና ገዝታቸዋለች።

ደብተሩን ሰጠኋት። ገለጠችው፣ ዘጋችው።

"ማዳም ፓራፕሊን የሚጽፉት እርስዎ ነበሩ፣ ጋሼ ሽብሩ?"

"እጁ የኔ ነው። ቃሉ የአባትሽ።"

"እወዳት ነበር" አለች። አማርኛዋ ቀጥ ያለ፣ ጌጥ የሌለው ነው። "ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ትመስለኝ ነበር። ለጓደኞቼ አወራላቸው ነበር። እማዬ ብትኖር እንደሷ ትሆን ነበር እል ነበር። ከዛ በርቺ መጣ። ትራም ውስጥ ነበርኩ፣ ወረድኩ። ዘጠኝ አምጥቼ በርቺ፣ ዘጠኝ ተኩል አምጥቼ በርቺ። አንድ ቦታ ነበረኝ፣ እሱ የሌለበት። እዛም ሲያርመኝ ነበር ብዬ ሁሉንም አጠፋሁ።"

ያቀረበችልኝን ሻይ ፉት አልኩ። እሷ ቀጠለች።

"ግን ናፈቀችኝ። እሱም ናፈቀኝ፣ አላውቅም የትኛው እንደሆነ። አሥራ አራተኛው ሲወጣ በሌላ ስም ገባሁ። 'ማዳም ፓራፕሊ፣ መጨረሻውን አዩት?' ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። በየእረፍቱ፣ ፓውዜ ላይ፣ ስልኬን አያለሁ። ያኔ ሆስፒታል ነበር?"

"ነበሩ።"

"አሥራ አራተኛውን አነበበው?"

ይህች ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ ውጭ ፀሐይ ነው። አዎ ማለት ይቻል ነበር። እንኳን ይህን፣ ስንቱን ብያለሁ! አፌን ከፍቼ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"አላነበቡትም። ታሪኩ አልቋል ያልኳቸው እኔ ነኝ። በርቺን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። አባትሽ አላሉም። እንዳይገባ ብለው አስጠንቅቀውኝ ነበር። ከዚህ ደብተር ነው የሰረቅኩት፤ ደግ ቃል መስሎኝ።"

ተነስታ ስኒዬን አነሳች። ሻዩን አልጨረስኩትም ነበር።

"እርስዎም አራሚ ነዎት ለካ" አለች።

ወረቀቱን ተቀብላ ቆማ አነበበችው። "ተቀብያለሁ" የሚለው ላይ ስትደርስ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ከመደርደሪያው አሥራ አራተኛውን አውጥታ እጄ ላይ አደረገችው።

"ያንብቡት። መመለስ አያስፈልግም።"

ባለጌ አይደለሁም፤ ገባኝ። በሩን ከኋላዬ ቀስ ብላ ዘጋችው።

ባቡር ውስጥ በልማዴ ከግራ በኩል ገለጥኩት። ከቀኝ የሚለኝ፣ እጄን የሚመታኝ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ያየሁት መጨረሻውን ነው። ባቡር ጣቢያ ነው። ጠባሳው ከባቡር ወርዷል፤ ረጅሙ ሻንጣውን ሊቀበለው እጁን ዘርግቷል። ጥላቸው መሬቱ ላይ ወድቋል። የጋሽ ዘውዴን አጉሊ መነጽር ከኪሴ አወጣሁና እያንዳንዱን ሥዕል፣ ሰማዩን፣ ጣሪያውን፣ የሰዎቹን ትከሻ ፈለግኩ። አንዲት የዝናብ ጠብታ የለችም።